መጽሐፈ ግንዘትና የ1348ቱ ቸነፈር፤ ጳጳሱ ባይደርስ ኖሮ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ፥ ገላን ኮንዶሚኒየም በሚባለው የመኖሪያ ሰፈር ሰው የሞተ እንደ ሆነ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ በፎቆቹ መካከል ባለው ገላጣ መሬት ላይ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ፥ ሰሐኑና ድስቱ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ከልዩ ልዩ ስፍራ መጥቶ በዕጣ በደረሰው ቤት ጎረቤት የሆነው ሰው፥ በሕይወት ሳለ እምብዛም ባይተዋወቅ እንኳ፥ በሞት ጊዜ ወገን ሆኖ ይገኛል። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዐት ታጥቦና ተከፍኖ ይሸኛል፤ ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ከሆነ ካህኑ መጥቶ ፍትሐት ያደርሳል። ካህኑ የሚያነበው መጽሐፍ መጽሐፈ ግንዘት ይባላል። ለቀስተኛው ይህን መጽሐፍ የሚያውቀው በዜማው እንጂ በታሪኩ አይደለም። ነገር ግን መጽሐፉ ወደ ግዕዝ ተመለሰ የሚባልበት ዘመን ሲመረመር፥ ከግብፅ እስከ እንግሊዝ ያለው ሕዝብ ቀባሪ ካጣበት ዘመን ጋር አንድ ሆኖ ይገኛል።

መጽሐፈ ግንዘትን ከዐረብኛ መለሰ ተብሎ በትውፊት የሚነገርለት ጳጳስ አባ ሰላማ መተርጕም ነው። ይህ ሰው በዐራተኛው መቶ ዘመን ከነበረው ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተለየ ነው። ሊቃውንት የጵጵስናውን ዘመን ከ1348 እስከ 1388 ያደርጉታል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። በትውልዱ ግብፃዊ ነበረ፤ የተሾመውም እንደ ደንቡ ከእስክንድርያው መንበር ነው። በዐርባው ዓመት ውስጥ ግብረ ሕማማትና ሌሎች ብዙ መጻሕፍት በእርሱ ወይም በእርሱ ትእዛዝ እንደ ተመለሱ ይነገራል። ስለ አባ ሰላማ የጻፉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ይህን የትርጕም ሥራውን ነው፤ የመጣበትን ዓመት ግን ጠቅሰው ያልፋሉ። 1348 እንዲህ ጠቅሰው የሚያልፉት ዓመት አይደለም።

ታላቁ ቸነፈር በ1347 መከር ወራት በመርከብ እስክንድርያ ገባ፤ በ1348 ወደ ካይሮ ወጣ፤ በዚያውም ዓመት መጨረሻ ላይ ብርታቱ ከልክ አለፈ። ከግብፅ ሕዝብ ሢሶው ወይም ከዚያ የሚበልጠው እንዳለቀ ብዙዎች ይገምታሉ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጴጥሮስ 5ኛ ያረፈው በዚሁ በ1348 ነው፤ በምትኩም ማርቆስ 4ኛ ተሾመ። ሞቱን ለቸነፈሩ መስጠት ጥድፊያ ይሆናል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያን ጳጳስ የሚሾመው መንበር ባዶ የሆነውና የተሞላው አገሩ ሬሳ በሚቈጥርበት ወራት መሆኑ የማይካድ ነው። በኢትዮጵያ ስለ ነበሩት ስለ ኢፋትና ስለ ሌሎቹ እስላማዊ መንግሥታት፥ ስለ ክርስቲያኑም ንጉሥ የሰማውን አጠናቅሮ የጻፈው አል ዑመሪ እንኳ በ1349 በደማስቆ በዚሁ ቸነፈር ሞተ። ከባሕር ማዶ ሆኖ ኢትዮጵያን የሚመለከተው ዐይን የጠፋው፥ ኢትዮጵያም ጳጳስ የምትቀበልበት እጅ የዛለው በአንድ ሰሞን ነው።

በአውሮፓ ደግሞ ከሕዝቡ ከሢሶው እስከ እኩሌታው፥ በአንዳንድ ግምትም ከእኩሌታው የሚበልጠው፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አልቋል። ቸነፈሩ ከዚህም የከፋ ቢሆን ኖሮ የዓለም ታሪክ እንዴት በሆነ ነበር? የሚለው ጥያቄ በዚያ አገር ታሪክ ጸሐፊውንም ልብ ወለድ ጸሐፊውንም ሲያነጋግር ቈይቷል። አሜሪካዊው ደራሲ ኪም ስታንሊ ሮቢንሰን በ2002 ባሳተመው ልብ ወለድ የአውሮፓን ሕዝብ ከሞላ ጎደል ፈጽሞ አጥፍቶ፥ የኋላውን ታሪክ ለቻይና፥ ለሕንድና ለእስልምና አገሮች ሰጥቶ ጽፏል። ያልሆነውን ነገር መጠየቅ የሆነውን ነገር ክብደት ለማወቅ ካልረዳ በቀር የሥራ ፈት ጨዋታ ነው። ለኢትዮጵያ የሚረዳ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጥያቄው ከአውሮፓ ተነሥቶ ሳይሆን ከኢትዮጵያ ተነሥቶ መጠየቅ አለበት።

አውሮፓ ባዶ ብትሆን ኖሮ ኢትዮጵያ የምታጣው ነገር አለ። በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት ምጽዋ ላይ የወረዱት 400 ያህል ፖርቱጋሎች አይመጡም፤ ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር የተደረገውም ጦርነት በሌላ መንገድ ያልቃል። ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ በ1513 ያሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት አይኖርም። ከአሜሪካ የመጡት በቈሎና ድንችም በማሳው ላይ አይታዩም፤ ይልቁንም በርበሬ ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ ተክል ስለ ሆነ፥ ዶሮ ወጥ ዛሬ ያለውን ቀለም ባላገኘ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ከመቶ ስድሳና ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሚቈጠር ነው። ከ1348 በኋላ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊታይ የሚችለው ጕድለት የሚመጣው ከአውሮፓ ሳይሆን ከግብፅ ነው፤ ጕድለቱም ክህነት ነው።

ነገሩ የሚመነጨው ከሕጉ ነው። በኒቅያ ጉባኤ ስም የተጻፈውና በፍትሐ ነገሥት የሚገኘው ቀኖና ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል በፈቃዳቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክላል። ቀኖናው በእርግጥ ከኒቅያ አባቶች የወጣ አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ወጣ ተቈጥሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቷል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1951፥ ፓትርያርክ የሆኑትም በ1959 መሆኑ የሕጉን ዕድሜ ያሳያል። በመካከለኛው ዘመን ንጉሡ ጭፍራ ማዝመት፥ ርስትና ጕልት መስጠት፥ ገዳም ማስገደም ይችል ነበር፤ አንድ ዲያቆን መሾም ግን አይችልም። ለዚያች ሰፊ አገር ክህነት የሚሰጠው ከግብፅ የመጣው ጳጳስ ብቻ ነበረ። ጳጳሱም እንዲመጣ የሱልጣኑ ፈቃድ፥ ለሱልጣኑ የሚላክ ገጸ በረከት፥ የሊቀ ጳጳሳቱ በጎ ፈቃድ፥ ቀጥሎም የዓባይ፥ የምድረ በዳና የቀይ ባሕር መንገድ ደኅንነት ያስፈልግ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የተሰናከለ እንደ ሆነ አገሪቱ በሙሉ ትጠብቃለች።

እንግዲህ አባ ሰላማ በመንገድ ወይም በካይሮ ቸነፈሩ አግኝቶት ቢቀር፥ ማርቆስን የሚሾሙት ኤጲስ ቆጶሳትም አብረው ቢያልቁ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዐፄ ሰይፈ አርዕድ አገር ምንም የሚታይ ለውጥ ባልተገኘ ነበር። ቀደም ብሎ የተሾመው ቄስ ይቀድሳል፤ ዲያቆኑም ያገለግላል። ይሁን እንጂ ቅዳሴ በልማድ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። አምስት አገልጋይ ብቻ ያለው የገጠር አጥቢያ ከሁለቱ ቀሳውስት አንዱ የሞተበት ዕለት ቅዳሴው ይታጐላል፤ ከጎረቤት አጥቢያ ቄስ ይለምናል፤ ጎረቤቱም የራሱ ሲሞትበት ሁለቱ አጥቢያዎች በአንድ ይጠቃለላሉ። በዐሥር ዓመቱ የተሾመው ዲያቆን ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ቄስ መሆን ይገባው ነበር፤ የሚሾመው ስለሌለ ግን ዲያቆን እንደ ሆነ ይቀራል። ከእርሱም በታች ያሉት ልጆች ዜማውንና ንባቡን ተምረው ሳለ መቅደስ መግባት አይችሉም። ትምህርቱ ሳይጠፋ ሥልጣኑ ይጠፋል። ፍትሐት ግን አንድ ቄስ እንኳ ቢገኝ ሊደርስ ስለሚችል፥ አጥቢያው በመጨረሻ የሚያጣው እርሱን ነው። ያም ፍትሐት ዛሬ በሚታወቀው መልኩ አይሆንም፤ አባ ሰላማ ካልመጣ መጽሐፈ ግንዘትም በእርሱ እጅ አይመለስምና።

ለዚህ ሐሳብ ተቃውሞ የሚሆን እውነተኛ ማስረጃ በዚያው ዘመን ይገኛል፤ ሊታለፍም አይገባም። አባ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቀዳሚት ሰንበት አከባበር ከቤተ ክርስቲያኑ አለቆች ጋር ተጣልቶ ከአገር ወጣ፤ በ1352 በአርመን ምድር ዐረፈ። በሰሜን የቀሩት ተከታዮቹ ከሹመት ተገለሉ፤ ክህነትም ተከለከሉ። እንዲህም ሆኖ አልጠፉም። ገዳም ገደሙ፤ ምድር አቀኑ፤ መጽሐፍ ጻፉ፤ ደብረ ቢዘንን የመሰለ ታላቅ ገዳም የተመሠረተው በዚህ በተገለሉበት ዘመን ነው። በመጨረሻም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሰንበቱን ነገር ተቀብሎ ከቤተ ክርስቲያን ጋር አስታረቃቸው። ይህ ታሪክ የሚያሳየው ገዳም ያለ ጳጳስ ብዙ ዘመን ሊቈም እንደሚችል ነው፤ የመነኵሴ ኑሮ በጸሎት፥ በጾምና በአበ ምኔት ትእዛዝ ይጸናልና። አጥቢያ ግን እንደ ገዳም አይደለም። ጥምቀት፥ ቍርባንና ቀብር የሚጠብቅ ባለ ትዳር ሕዝብ በአበ ምኔት አይተዳደርም። ስለዚህ ግብፅ ፈጽማ ባለቀች ኖሮ የኢትዮጵያ ክርስትና ሳይጠፋ ወደ ገዳማቱ ይሰበሰብ ነበር ማለት ከእውነት የራቀ ግምት አይሆንም፤ አለዚያም ነገሥታቱ ቀኖናውን ጥሰው ከራሳቸው መነኮሳት ጳጳስ ይሾሙ ነበር። የኋለኛው መንገድ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ኋላ እንደሚታየው፥ አጋጣሚው በእርግጥ በመጣ ጊዜ አልደፈሩትም።

በዚህ ላይ ቸነፈሩ ራሱ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር ወይ? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ብዙ ዘመን የአፍሪካ ቀንድ ከታላቁ ቸነፈር የዳነ አገር ተደርጎ ይቈጠር ነበር። ማሪ ሎር ደራ የተባሉት ፈረንሳዊት የታሪክ ሊቅ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን ያሉትን ጽሑፎች መርምረው የወረርሽኝ ወሬ በውስጣቸው ደጋግሞ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ግዕዙ ብድብድ የሚለው ቃል ድንገት መጥቶ ብዙ ሰው የሚፈጀውን በሽታ ሁሉ ስለሚያጠቃልል፥ በቃሉ ብቻ ይህ ያኛው ቸነፈር ነው ብሎ መቍረጥ አይቻልም። ግብፃዊው ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ ደግሞ በ839 ዓመተ ሒጅራ፥ ማለት በ1435 እና በ1436 መካከል፥ በሐበሻ ምድር ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የፈጀ ታላቅ ወረርሽኝ እንደ ነበረ ይናገራል።

አገሪቱን የረዳት አንድ ነገር የአሰፋፈሯ ሁኔታ ይመስላል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መንደሩ ስፍር ቍጥር የሌለው ሆኖ ሳለ ከ1600 ቤት የሚበልጥ ከተማ በአገሩ ሁሉ እንደሌለ ጽፏል። ንጉሡም በድንኳን ይዘዋወር ነበር፤ ማገዶና መኖ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል፤ ጕድፉና አይጡ በኋላ ይቀራል። እንዲህ ተበታትኖ በሚኖር ሕዝብ ላይ ወረርሽኝ እንደ ካይሮና እንደ ፍሎረንስ በአንድ ጊዜ አይወድቅም። ገበያንና የነጋዴን መንገድ ተከትሎ አንዱን መንደር ፈጅቶ ሌላውን ያልፋል። ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲከማች የሚሆነውን አዲስ አበባ በኋላ ዘመን አይታዋለች። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በአቃቂ በኩል ከተማይቱ በደረሰ በማግስቱ ዓመት፥ በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ ሬሳ የሚያነሣ ጠፍቶ ጅብ እስኪበላው ድረስ ሆነ።

የመካከለኛው ዘመን ነገሥታትም ይህን ፈተና ያገኙት መዘዋወሩን በተዉ ጊዜ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450ዎቹ ዓመታት በሰማይ ብርሃን ከታየ በኋላ ደብረ ብርሃንን ቈርቍሮ እስኪሞት ድረስ ከዐሥር ዓመት በላይ በዚያ ተቀመጠ። ከእርሱ በፊት የነበሩት የሥርወ መንግሥቱ ነገሥታት ይህን ያህል ዘመን በአንድ ቦታ መቀመጥ አልለመዱም። ቤተ መንግሥቱ፥ ጭፍራው፥ ካህናቱ፥ አቤት ባዩና ነጋዴው በአንድ ብርዳም አምባ ላይ ተከማቸ። ዜና መዋዕሉ በደብረ ብርሃን ቸነፈር እንደ ገባና ሙታንን የሚቀብር እስኪታጣ ድረስ ብዙ ሕዝብ እንዳለቀ ይናገራል። ንጉሡ ቦታውን አልለቀቀም፤ ቸነፈሩ እንዲርቅ በማመን ለቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በአጠገቡ አሠራ። ብልህና ጨካኝ የነበረው ይህ ንጉሥ ሰፈሩን አስነሥቶ መሄድ የአባቶቹ ልማድ መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ለእርሱ ሰፈር ሳትሆን ምልክት የተሰጠባት ስፍራ ነበረች።

ከላይ እንደ ግምት የቀረበው ነገር በእውነት የደረሰው በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። በ1438 ሚካኤልና ገብርኤል የተባሉ ሁለት ጳጳሳት በአንድነት ከግብፅ መጥተው ነበር፤ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የተቀመጡት እነርሱ ናቸው። ሁለት መሆናቸው አገሪቱን ከጕድለት የሚያድናት ይመስል ነበር። በ1450ዎቹ መጨረሻ ግን ሁለቱም አልፈዋል፤ በምትካቸውም ሌላ አልመጣም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1468 ሲሞት በአገሩ ጳጳስ ከታጣ ዐሥር ዓመት ያህል ሆኖ ነበር። ለዚያ ሃይማኖትን በብርቱ ትእዛዝ ላጸና ንጉሥ ፍትሐት ያደረሱት ቀሳውስት ሁሉ ከዚያ በፊት የተሾሙ ናቸው፤ በመካከላቸው አዲስ ቄስ ሊገኝ አይችልም። ልጁ ዐፄ በእደ ማርያምም ዐሥር ዓመት ነግሦ እንዲሁ ያለ ጳጳስ ሞተ። ጳጳስ የተገኘው ሕፃኑ እስክንድር ከነገሠ በኋላ፥ መልእክተኞች ወደ ካይሮ ተልከው በ1481 ይስሐቅና ማርቆስ በመጡ ጊዜ ነው። አልቫሬዝ ይህን ታሪክ ሲሰማ አገሩ ያለ ጳጳስ የቈየበት ዘመን 23 ዓመት እንደ ነበረ፥ ካህናት እያለቁ አብያተ ክርስቲያናት ወደ መዘጋት ሲቃረቡ ሕዝቡ እንደ ጮኸ ተነግሮታል።

ሃያ ሦስቱ ዓመት ያለፈው ካይሮ በሕይወት ሳለች፥ መንበሩም ሳይጠፋ ነው። ይህም ሆኖ ነገሥታቱ ከራሳቸው ሰው ጳጳስ አልሾሙም፤ ቀኖናውን ከመጣስ መጠበቁን መረጡ። በ1348 ግብፅ ከደረሰባት የከፋ ደርሶባት የሚላክ ጳጳስ ባይኖራት ኖሮ የመጠበቁ ዘመን ማብቂያ አይኖረውም ነበር።

አልቫሬዝ ኢትዮጵያ በነበረ ጊዜ ከሁለቱ ጳጳሳት በሕይወት የቀረው ማርቆስ ብቻ ነበረ፤ እርሱም እጅግ አርጅቶ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ጳጳሱ ክህነት ሲሰጥ በዐይኑ አይቷል። በአንድ ቀን ከ2000 በላይ ሰው ተሾመ። ድቁና በሚሰጥበት ቀን ደግሞ አፋቸውን ያልፈቱ ሕፃናት ሳይቀሩ በሰው ክንድ ታቅፈው ቀረቡ። ሴቶች ወደዚያ ስለማይገቡ እናቶቻቸው በውጭ ቀርተዋል፤ ጡት ሳይጠቡ የዋሉት ሕፃናት ልቅሶ ስፍራውን ሞልቶት ነበር። አልቫሬዝ ነገሩን ነቅፎ ስለ ምን እንዲህ እንደሚደረግ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ጳጳሱ እንዳረጀ፥ ሌላም መቼ እንደሚገኝ ስለማይታወቅ ልጆቹ ከአሁኑ መሾም እንዳለባቸው የሚናገር ነበረ።